ብርሃን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው? ስለ ቀዝቃዛ አቶሞችና ስለ ስበት መለኪያ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ዕትም ዜና ገጻችን ላይ፣ በሌዘር በቀዘቀዙ አቶሞች አማካይነት የመሬትን ስበት የሚለካ መሣሪያ እንዳለ በጥቂት መስመሮች ጠቅሰን ነበር። ያቺ አጭር ዜና ከረጃጅም ጽሑፎቻችን ይልቅ ብዙ ደብዳቤ ስላመጣች የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዜናችሁን ለተማሪዎቼ ባነብላቸው «ፀሐይ ላይ የተሰጣ እህል ይሞቃል፣ ሌዘር ብረት ይቆርጣል፤ ታዲያ ብርሃን እንዴት ያቀዘቅዛል?» አሉኝ። የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝ።

መልስ፦ ተማሪዎችዎ መጠራጠራቸው ተገቢ ነው፤ ብርሃን በአብዛኛው ያሞቃል፣ የሚያቀዘቅዘውም ቀለሙ በከፍተኛ ጥንቃቄ ሲመረጥ ብቻ ነው። አስቀድመን ግን ሙቀት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናጥራ። በጋዝ ውስጥ ሙቀት ማለት አቶሞቹ በየአቅጣጫው የሚሯሯጡበት ሩጫ ነው። በተራ ክፍል ሙቀት ውስጥ ያለ የሩቢዲየም አቶም በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ስለዚህ ጋዙን አቀዘቀዝን ማለት አቶሞቹን አዘገየን ማለት ነው፤ ጥያቄውም «ብርሃን የሚሮጥን አቶም ሊያዘገይ ይችላል ወይ?» ወደሚለው ይለወጣል።

ይችላል፤ ምክንያቱም ብርሃን ይገፋል። አቶም አንዲት ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ በዋጠ ቁጥር ፎቶኗ ትጓዝበት ወደነበረው አቅጣጫ ትንሽ ይገፈተራል። ሩቢዲየም የሚውጠው 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ሲሆን፣ የአንዲቷ ፎቶን ግፊት የአቶሙን ፍጥነት የሚለውጠው በሰከንድ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በሰከንድ 300 ሜትር የሚሮጠውን አቶም ለማቆም 50,000 ያህል ፎቶኖች ፊት ለፊት ሊመቱት ይገባል ማለት ነው። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ሆኖም አቶሙ የዋጣትን ፎቶን በአማካይ በ26 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ መልሶ ስለሚተፋ በሰከንድ እስከ 19 ሚሊዮን ፎቶኖችን ሊያስተናግድ ይችላል፤ በመሆኑም ከሦስት ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊቆም ይችላል። ይህ የመሬት ስበት በአቶሙ ላይ ከሚያሳድረው ኃይል ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ የበረታ ፍሬን ነው። የሚተፋቸው ፎቶኖችም ይገፉታል፤ ነገር ግን የሚወጡት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሆነ ግፊታቸው በአማካይ ይጣፋል፣ የሚውጣቸው ግን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይመጣሉ።

ቀሪው ችግር ይህ ነው፦ በጋዝ ውስጥ አቶሞች በሁሉም አቅጣጫ ይሮጣሉ። ከኋላ የሚመጣ ብርሃን የሚሸሸውን አቶም ይበልጥ ያስሮጠዋል እንጂ አያዘገየውም። መፍትሔው ተማሪዎችዎ ከአምቡላንስ ጩኸት የሚያውቁት የዶፕለር ክስተት ነው። ወደ እኛ የሚመጣ አምቡላንስ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፈን ይወፍራል። አቶምም እንዲሁ ወደ ብርሃኑ ሲሮጥ ድግግሞሹ ከፍ ብሎ፣ ከብርሃኑ ሲሸሽ ዝቅ ብሎ ይታየዋል። ስለዚህ የሌዘሩን ድግግሞሽ አቶሙ ከሚወደው ጥቂት ዝቅ እናደርገዋለን። ቆሞ ላለ አቶም ይህ ብርሃን ልክ አይደለም፣ ብዙም አይውጠውም፤ ወደ ሌዘሩ ለሚሮጥ አቶም ግን ልክ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብርሃን ከስድስት አቅጣጫ፣ ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ቢበራ አቶሙ ወዴትም ቢዞር ፊት ለፊት የሚገጥመውን ብርሃን መርጦ ይውጣል። የትም ቢሄድ የሚገፋው የሄደበትን ተቃራኒ ነው።

ተማሪዎችዎ ቀጥለው «ሙቀቱስ የት ገባ?» ማለታቸው አይቀርም። ብርሃኑ ይዞት ሄደ። አቶሙ የሚውጣት ፎቶን ዝቅ ያለ ድግግሞሽ አላት፣ የሚተፋት ደግሞ በአማካይ በጥቂቱ ከፍ ያለ፤ የሁለቱ የኃይል ልዩነት የተከፈለው ከአቶሙ ሩጫ ነው። በሥርዓት የገባው የሌዘር ጨረር በየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚወጣም ከአቶሞቹ የተወሰደው ሥርዓት አልባነት ከብርሃኑ ጋር ይወጣል፤ የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ አልተጣሰም።

ሐሳቡን በ1975 ቴዎዶር ሄንሽና አርተር ሾሎ ለገለልተኛ አቶሞች፣ ዴቪድ ዋይንላንድና ሃንስ ዴመልት ደግሞ ለአዮኖች አቀረቡት። በ1985 ስቲቨን ቹና ባልደረቦቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኘው የቤል ላብራቶሪ የሶዲየም አቶሞችን ወደ 240 ማይክሮኬልቪን፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ የሚያንስ ሙቀት ከሌለበት ነጥብ) በላይ ከኬልቪን ሩብ ሺኛ ወደማይሞላ ደረጃ አወረዱ። በስድስቱ ጨረሮች መገናኛ ላይ አቶሞቹ እንደ ተጣበቁ ሆነው ስለታዩ ያንን ብርሃን «ሞላሰስ» አሉት፤ የስኳር ፋብሪካ አካባቢ ያደገ ሰው ስሙ ለምን እንደተመረጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ነገር ተከሰተ። 240 ማይክሮኬልቪን ንድፈ ሐሳቡ የፈቀደው የመጨረሻ ዝቅታ ነበር። በ1988 ግን በሜሪላንድ፣ ጌይተርስበርግ ከተማ የዊልያም ፊሊፕስ ቡድን የራሱን ሶዲየም ሲለካ 40 ማይክሮኬልቪን አገኘ። ሙከራ ከንድፈ ሐሳብ በታች መቅረቱ የተለመደ ነው፤ እንዲህ አሸንፎት ሲገኝ ግን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴርሞሜትሩን ነው። ለካ የተሳሳተው አቶሙን ከሚገባው በላይ አቅልሎ የሳለው ንድፈ ሐሳብ ኖሯል። ፓሪስ ውስጥ ክሎድ ኮኸን-ታኑጂና ዣን ዳሊባር እንዳብራሩት፣ ተቃራኒ ጨረሮች ሲደራረቡ ለአቶሙ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት መልክዓ ምድር ይፈጥራሉ። አቶሙ ዳገቱን ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ወደ ሌላ ውስጣዊ ሁኔታ ያሻግረውና ሸለቆ ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ እንደገና ዳገት ይጀምራል። ቁልቁለት የሌለው፣ ዳገት ብቻ የሆነ መንገድ እንደ መሄድ ነው። ቹ፣ ፊሊፕስና ኮኸን-ታኑጂ በ1997 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስለ «ብርሃን ወረንጦ» ይማራል፤ እናንተም ባለፈው ዕትም ዜናችሁ አቶሞቹ በብርሃን «ቅርጽ ይሰጣቸዋል» ብላችኋል። ጭቃ ይመስል ጋዝ ቅርጽ ሊይዝ ይችላል?

መልስ፦ ሲያጋጥም እንዲህ ነው፤ ከላይ የጠቀስነው የፊሊፕስ ላብራቶሪ የሚገኘው እርስዎ ከሚኖሩበት በመኪና ቅርብ በሆነ ከተማ ነው። አሁን የምንነጋገርበት ብርሃን ግን ሌላ ዓይነት ነው። ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ብርሃን አቶሙ ከሚውጠው ቀለም አጠገብ መሆን ነበረበት። ድግግሞሹን በጣም ዝቅ አድርገን ከዚያ ካራቅነው አቶሙ ፎቶኖችን መዋጡን ይተዋል ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የብርሃኑ የኤሌክትሪክ መስክ አቶሙን ደማቅ ወደ ሆነው ቦታ በቀስታ ይስበዋል። ድግግሞሹን ከፍ አድርገን ካራቅነው በተቃራኒው አቶሙ ከደማቁ ቦታ ይሸሻል። እንግዲህ ብርሃኑን የሠራንበት ቅርጽ ሁሉ አቶሞቹ የሚገቡበት ዕቃ ይሆናል። ጨረሩን ወደ አንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ነጥብ ብናሰባስበው አንድ ነጠላ አቶም የሚይዝ ወረንጦ ይሆናል፤ ሁለት ጨረሮችን ፊት ለፊት ብናጋጥማቸው እንደ እንቁላል መያዣ ካርቶን በረድፍ የተደረደሩ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ፤ ሲኒማ ፕሮጀክተር ውስጥ ያሉትን ዓይነት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን መስተዋቶች ብንጠቀም ደግሞ ቀለበትም ሆነ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሣጥን መሳል እንችላለን። የወረንጦው አባት አርተር አሽኪን በ2018 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው 96 ዓመታቸው ነበር።

የዚህ ብርሃን ይዞታ ግን ደካማ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሺኛ ኬልቪን ያህል ሙቀት ያለውን አቶም ብቻ ነው ሊያግት የሚችለው፤ ከዚያ የሞቀው ግድግዳውን ዘሎ ያመልጣል። ቅርጽ መስጠት ከማቀዝቀዝ በኋላ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቅርጽ መስጠቱ ደግሞ ተመልሶ ለማቀዝቀዝ ይረዳል። የብርሃኑን ዕቃ ግድግዳ ቀስ በቀስ ዝቅ ብናደርግ በጣም የሚሯሯጡት አቶሞች ወጥተው ይሄዳሉ፣ የቀሩትም እየተጋጩ ወደ ዝቅተኛ ሙቀት ይረጋሉ፤ ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ትኩሱን እንፋሎት እያወጣ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። በ1995 ኮሎራዶ፣ ቦልደር ውስጥ ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊማን ግድግዳው በማግኔት በተሠራ ዕቃ በዚሁ ዘዴ 2,000 ያህል የሩቢዲየም አቶሞችን ከ170 ናኖኬልቪን (የኬልቪን ቢሊዮንኛ) በታች አውርደው ሁሉም እንደ አንድ ሞገድ የሚሆኑበትን ሁኔታ አገኙ።

ሌላም ብልሃት አለ። የአቶሞቹን ደመና ከዕቃው ለቀን ትንሽ እንዲሰፋ ብንተወው ፈጣኖቹ ወደ ዳር፣ ዘገምተኞቹ መሐል ይሆናሉ። በዚያች ቅጽበት ዕቃውን ለአፍታ አብርተን ብናጠፋው ዳር ያሉት ይበልጥ ወደ ኋላ ይገፈተራሉ፣ መሐል ያሉት እምብዛም፤ ሁሉም ባሉበት ቆመው ይቀራሉ ማለት ነው። ይህ መነጽር ብርሃንን እንደሚያሰባስብ ሁሉ አቶሞችን የሚያሰባስብ መነጽር ነው። በጀርመን፣ ብሬመን በሚገኘው የመውደቂያ ማማ ውስጥ በ2021 ይፋ የሆነ ሙከራ ይህንኑ በማግኔት መስክ አድርጎ ደመናውን ወደ 38 ትሪሊዮንኛ ኬልቪን አውርዷል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ላይ እሠራለሁ። ስበትን ለመለካት አቶሞቹ ለምን መቀዝቀዝ አለባቸው? ለእኔ ዓይነቱ ሥራስ ከጉድጓድ ውኃ መለኪያ የተሻለ ምን ይሰጣል?

መልስ፦ ቅዝቃዜው ራሱ ግብ አይደለም፤ የሚፈለገው ጊዜ ነው። መሣሪያው የሚሠራው አቶሞችን አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ጥሎ አወዳደቃቸውን በሌዘር ሞገድ ማስመሪያነት በማንበብ ነው። ማርክ ካሴቪችና ስቲቨን ቹ በ1991 ስታንፎርድ ውስጥ እንዳሳዩት፣ ሦስት አጫጭር የብርሃን ብልጭታዎች በእኩል ክፍተት ይተኮሳሉ። አቶም እንደ ቅንጣት ብቻ ሳይሆን እንደ ሞገድም ስለሚሆን፣ የመጀመሪያው የእያንዳንዱን አቶም ሞገድ ለሁለት ይከፍላል፤ አንዱ ክፍል የሁለት ፎቶን ግፊት፣ ማለትም በሰከንድ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨመርለታል፣ ሌላው ባለበት ይወድቃል። ሁለተኛው ብልጭታ ፍጥነታቸውን ያለዋውጣቸዋል፤ ሦስተኛው መልሶ ያገናኛቸዋል። ሲገናኙ ሞገዶቹ ወይ ይደጋገፋሉ ወይ ይጣፋሉ፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ስበቱ ነው።

አሁን ቁልፉን ነገር ልንገርዎ፦ የስበቱ ምልክት የሚያድገው በብልጭታዎቹ መካከል ባለው ጊዜ ካሬ ነው። ጊዜውን በእጥፍ ብናሳድግ ምልክቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ክፍተቱ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢሆን ስበት ሞገዱን 250,000 ያህል ዑደት ያዞረዋል፤ የአንዱን ዑደት አንድ ሺኛ ማንበብ ከተቻለ ስበት ከቢሊዮን ጥቂት እጅ በሚሆን ትክክለኛነት ተለካ ማለት ነው። በዚያች አንድ አሥረኛ ሰከንድ ግን ያልቀዘቀዘ አቶም 30 ሜትር ሮጦ ከመሣሪያው ግድግዳ ጋር ከተጋጨ ቆይቷል። በአንድ ማይክሮኬልቪን ያለው የሚርቀው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጨረሩ ውስጥ እንዳለ እስከ መጨረሻው ይቆያል።

ወደ ሥራዎ ስንመጣ፣ ከቢሊዮን አንድ እጅ የስበት ለውጥ መሣሪያውን በ3 ሚሊ ሜትር ከፍ ከማድረግ ጋር ይመጣጠናል። ከመሣሪያው በታች ሰፊ ቦታ ላይ የተነጠፈ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ውኃም ይህንኑ ያህል ለውጥ ያመጣል። የድንጋዩ አንድ አሥረኛ ውኃ የሚይዝ ክፍት ቦታ ከሆነ፣ የከርሰ ምድር ውኃው በአንድ ሜትር ከፍ ሲል ወይም ዝቅ ሲል 10 ሳንቲ ሜትር የውኃ ንጣፍ ተጨመረ ወይም ተቀነሰ ማለት ነው፤ ይህም ከቢሊዮን 4 እጅ ገደማ ስለሚሆን ይታያል። ጉድጓድ ውኃው የት ከፍታ ላይ እንደቆመ ይነግርዎታል፤ የስበት ልኬት ደግሞ ምን ያህል ውኃ እንደተጨመረ ወይም እንደተቀነሰ ይነግርዎታል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲይዙ ድንጋዩ ውኃ የመያዝ አቅሙን ያገኙታል። ስለዚህ ጉድጓዱን አይተዉት።

ችግሮቹንም ሳልነግርዎት አላልፍም። ጨረቃና ፀሐይ በየዕለቱ ስበቱን ከሚፈልጉት ምልክት በብዙ አሥር እጥፍ ይለዋውጡታል፤ ይህ በስሌት ይቀነሳል። የአየር ግፊትም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከፋው የመሬት ንዝረት ነው፤ ማስመሪያው ሌዘር እንደመሆኑ ብርሃኑን የሚመልሰው መስተዋት ሲነቃነቅ አቶሙ የተነቃነቀ ይመስላል። ለዚህ የተገኘው መላ ሁለት የአቶም ደመናዎችን አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ በአንድ ሌዘር መለካትና ልዩነታቸውን ብቻ መውሰድ ነው፤ ንዝረቱ ለሁለቱም እኩል ስለሚደርስ ይጣፋል። የእንግሊዙ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2022 ባሳተመው ጥናት በዚህ ዘዴ ደጅ፣ መንገድ ላይ ሆኖ፣ ከመሬት በታች ያለ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ዋሻ አግኝቷል።

አንድ ብዙ የማይወራለት ነገር ልጨምር። ማስመሪያው ብርሃን ነው ካልን፣ የጨረሩ ሞገድ ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ ማስመሪያው ጎብጧል ማለት ነው። ዛሬ የእነዚህ መሣሪያዎች ዋነኛ የስህተት ምንጭ ከሚባሉት አንዱ ይኸው የሌንስና የመስተዋት ጉብጠት ነው። አቶሞቹ ይበልጥ ሲቀዘቅዙ በጨረሩ ስፋት ላይ ብዙ ስለማይበተኑ ጉብጠቱን የሚቀምሱት በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ቅዝቃዜ ከጊዜ በተጨማሪ ቀጥ ያለ ማስመሪያንም ይገዛል። መሣሪያው በቅርቡ ስልክ ውስጥ ይገባል የሚሉትን ግን ብዙ አይስሟቸው። ቱቦው፣ ሌዘሮቹና አየር ማውጫ ፓምፑ ገና በጭነት መኪና የሚጓዙ ዕቃዎች ናቸው። ሆኖም ከላብራቶሪ ወጥተዋል፤ በ2020 አንዱ በሲሲሊ በኤትና እሳተ ገሞራ ላይ ተተክሎ ከምድር በታች የሚንቀሳቀሰውን ቁስ ሲከታተል ቆይቷል። በመስከረም 2005 በአፋር፣ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ቅልጥ ዐለት ሲገባ ያወቅነው በሳተላይት ራዳርና በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች ነበር፤ ራዳር የምድሩን ገጽ መከፈትና መነሳት ያሳያል፣ ከሥር ስለገባው ነገር ብዛት በቀጥታ የሚናገረው ግን ስበት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዕትም አቶሞቹ «ፍጹም ዜሮ ደርሰዋል» ብላችኋል። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስህተቱ የእኛ ነው። ፍጹም ዜሮ አይደረስበትም። በትሪሊዮንኛ ኬልቪን የሚቆጠረው የብሬመኑ ደመናም ቢሆን አቶሞቹ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳሉ።

ጥያቄ፦ ደሴ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እንዲህ ከቀዘቀዙ ለምን በረዶ አይሆኑም? ማሽኑስ በረዶ አይጋግርም? ደግሞስ ለምን ሩቢዲየም ተመረጠ፣ ውኃ አይሆንም?

መልስ፦ ደህና ጠይቀሃል። በረዶ ለመሆን አቶሞች ተገናኝተው መያያዝ አለባቸው። ይህ ደመና ግን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ሙከራው በሚቆይባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለመያያዝ የሚያበቃ ግንኙነት እምብዛም አይፈጠርም። ማሽኑን በእጅህ ብትነካው ለብ ያለ ነው፤ አቶሞቹ በብርሃን ተይዘው ባዶ ቦታ መሐል ስለሚንሳፈፉ ግድግዳውን አይነኩም፣ ማቀዝቀዣም አያስፈልግም። ሩቢዲየም የሚመረጠው የመጨረሻው ምሕዋር ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው ብርሃን ውጦ ሲተፋ ወደ ነበረበት ተመልሶ ያንኑ ሺህ ጊዜ ሊደግም ስለሚችል ነው። የውኃ ሞለኪውል ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይሽከረከራል፤ ጥቂት ፎቶኖች እንደዋጠ ሌዘሩ ወደማያገኘው ሁኔታ ይገባል። በዚያ ላይ 780 ናኖሜትር የድሮ ሲዲ ማጫወቻ ሌዘር ቀለም በመሆኑ ተመራማሪዎች ርካሽ የሌዘር ዲዮድ ማግኘት አልቸገራቸውም።

ጥያቄ፦ ሰዓት ከፍታ ላይ ሲሆን ይፈጥናል የሚል አነበብኩ። የአዲስ አበባ ሰዓት ከጂቡቲው ይቀድማል ማለት ነው?

መልስ፦ ይቀድማል። የአንስታይን የስበት ሕግ እንደሚለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጊዜ በጥቂቱ ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚያ ያለ ትክክለኛ ሰዓት በባሕሩ ዳር ካለው በዓመት 8 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። የእጅ ሰዓት ይህን ፈጽሞ አያውቀውም። ከ1967 ጀምሮ ሰከንድን የሚወስነው የሲዚየም ሰዓት፣ በ9,192,631,770 ንዝረት የሚቆጥረው ማለት ነው፣ በቀላሉ ያየዋል። ከዚያ የሚልቁት ደግሞ የስትሮንቲየም አቶሞችን ቀደም ሲል እንደ እንቁላል መያዣ በገለጽነው የብርሃን መረብ ውስጥ አስቀምጠው የሚቆጥሩት ናቸው። ሂደቶሺ ካቶሪ ሐሳቡን በ2001 ሲያቀርቡ ዋናው ጭንቀት መረቡ ራሱ የአቶሙን ንዝረት ያዛባል የሚለው ነበር፤ መፍትሔያቸው የሰዓቱን ሁለት ሁኔታዎች እኩል የሚጫን ቀለም መምረጥ ሲሆን፣ ለስትሮንቲየም ይህ 813 ናኖሜትር ሆኖ ተገኘ። በ2020 ካቶሪና ባልደረቦቻቸው ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን በቶኪዮ ስካይትሪ ማማ ሥርና 450 ሜትር ከፍታ ላይ አስቀምጠው የጊዜውን ልዩነት ለኩ፤ በ2022 ደግሞ ቦልደር ውስጥ በአንድ የአቶም ደመና ጫፍና ጫፍ መካከል፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ልዩነት፣ ያው ለውጥ ታየ። ስለዚህ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ጂቡቲ ሆነው በፋይበር ቢገናኙ፣ የሚቀዳደሙበትን መጠን በማንበብ ብቻ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት እስከ ሳንቲ ሜትር ድረስ ሊታወቅ ይችላል።